ናና፣ ሎሚና ያልበራው ማሾ

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ሰቆጣ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ለሕፃናት ፊደል ሳስቆጥር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ዕለት፣ ባልደረቦቼ ተራ በተራ እየተነሡ «ቆፍጣናዋ መምህርታችን» ሲሉኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቄን ዋጥኩት። መብረቅ እፈራለሁ። በር በኃይል ሲንኳኳ እፈራለሁ። ከሁሉ በላይ ግን በጠርሙስ ያለ፣ እንደ ውሃ የጠራ ነገር እፈራለሁ። ስለዚህ ባለፈው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ልጄ ሙሉነሽ ጓዳ ውስጥ ሎሚ ስትቆርጥ፣ ከቧንቧው ሥር ከበቀለው ናና ቀንጥሳ በመዳፏ ስታሸው፣ ሁለቱ ሽታ ተደርቦ ደጅ ወደተቀመጥኩበት ሲመጣ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አደረግኩ።

ሙሉነሽ ከቤሩት ከተመለሰች ገና ወራት ናቸው። መጀመሪያ ሰው ቤት ሠራች፣ ኋላ ሆቴል ገባች፣ እዚያ መጠጥ መቀላቀል ተማረች። አሁን ያንን ሁሉ እቤት ትሞክርብኛለች። የዚያን ቀን አሠራሩን ጮክ ብላ እየነገረችኝ ነበር የምትሠራው። ናናው አይወቀጥም፣ ከተወቀጠ ይመራል፤ በሁለት መዳፍ መሃል አንዴ ጨብ ይደረግና ረዥም ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። ሎሚው ግማሹ ይጨመቃል፣ ግማሹ በስሱ ይቆረጣል። መብራት ባለበት ቀን ከፍሪጅ የወጣ በረዶ እስከ አፉ ይሞላበታል። ከዚያ ጂን የሚባለው የፈረንጅ አረቄ፣ ከጂኑ በኋላ አምቦ ውሃው በብርጭቆው ጎን ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ አንዴ ብቻ ይማሰላል፣ ጋዙ እንዳይሄድ። አልዋሽም፣ ሲያዩት ያምራል። ብርጭቆው ላቡ ችፍ ብሎበት፣ ናናው በረዶው መሃል ተጣብቆ፣ «እማ፣ እንቺ፤ ሙቀቱን ያወጣልሻል» ብላ ዘረጋችልኝ።

እኔ ግን እጇን ነበር የማየው። አልቀመሰችም። እኛ ዘንድ መጠጥ የሚያሳልፍ ሰው፣ ጠላም ይሁን ጠጅ፣ ከዚያው ላይ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ፉት ሳይል ለእንግዳ አይሰጥም። ከመርዝ የጸዳ ነው ለማለት ነው ይባላል። ልጄ በሰው አገር ዘንግታዋለች። ጠርሙሱን አሳዪኝ አልኳት፤ አመጣችው። ክዳኑ ላይ መኖር የነበረበት ማሸጊያ የለም። የታለ ብላት፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሱቅ ስትገዛው እንዲሁ እንደነበር፣ መኪና ላይ ሲንገላታ መጥቶ ለቅቆ ነው እንዳሏት ነገረችኝ። ይህን የተናገረችው ስለ ድንች የምታወራ ይመስል ነበር። ከዚያ ፊቴን አየችና «ጀመረሽ ደግሞ» አለች።

አዎ፣ ጀመረኝ። ያ ናና ሥሩ የሞገስ ነው። ሞገስ ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለእርዳታ በመጡ ፈረንጆች ቤት ወጥ ሠሪ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በልብስና በጫማ ነው። ኮንጎ ጫማ የሁሉ ሰው ጫማ የነበረበት፣ አንድ የተፍታ ቀሚስ ስንት ሠርግ የሚወጣበት፣ አስተማሪ የሆነች ሴት ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ እጅጌውን ደረቷ ላይ የምታስርበት ጊዜ ነበር። ከገበያው ወደ ታች በሚወስደው ቁልቁለት ጥግ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሬዲዮኑን መስኮት ላይ ያስቀምጥና ደስ ያለው ዘፈን በመጣ ቁጥር የስፌት መኪናውን ያቆማል። ቀሚሳችን ለበዓል ያልደረሰው ዘፈን ስለበዛ ነው እያልን እናማዋለን። ሎሚ ከቆላው በአህያ ይመጣል፤ በስሙኒ የነጠላ ጫፍ ሙሉ ይሰጡናል። አሁን በዚያ ጥግ የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ጎረምሳ ቆሟል፤ የሎሚን ዋጋ ደግሞ ሙሉነሽ እንድትነግረኝ አልፈልግም። ያ ዘመን ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም። ጀንበር ስትጠልቅ ሰዓት እላፊ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው መጀመሪያ ይተኮስበታል፣ ስሙ የሚጠየቀው ኋላ ነው ይባል ነበር። ሁላችንም እንፈራ ነበር። የእኔ ትንሽ ይብሳል እንጂ።

ፈረንጆቹ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጂን በናናና በሎሚ ይጠጣሉ፤ ሠሪው ሞገስ ነው። ናናውን ግቢያቸው ውስጥ ተክለውት ኖሮ አንዱን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ እቤታችን ተከለው። ስለ ጂኑ ደግሞ አውርቶ አይጠግብም። «ጽድ ጽድ ይሸታል» ይለኛል፤ ዝናብ ሲያባራ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሚሸተው ሽታ ነው ይላል። እኔ ጂን የሚባል ነገር አሽትቼ አላውቅም ነበር። እዚያ ቤት የገባ ሰሞን፣ እንዳደገበት፣ ከብርጭቆው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ አቀረበላቸው። አንዲቱ ሴትዮ ደነገጠች። በአስተርጓሚ አስጠርታ፣ መጠጥ ካማረው ጠይቆ መውሰድ እንደሚችል፣ ከእንግዳ ብርጭቆ መቅመስ ግን ነውር እንደሆነ ነገረችው። ሞገስ የዚያን ዕለት እህል አልቀመሰም። ሌባ ተባልኩ ብሎ ሰነበተ። ከዚያ ነገሩን ገለበጠውና መቅመስ የባላገር ነገር ነው፣ በሠለጠነ ቤት አይቀመስም ማለት ጀመረ። ለእኔ ጠላ ሲቀዳልኝ እንኳን መቅመሱን ተወ። ያኔ ያበሳጨኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል።

ፈረንጆቹ ድንገት ሲሄዱ ለሞገስ አንድ ጠርሙስ ጂንና አንድ ማሾ ትተውለት ሄዱ። ማሾ የማያውቅ የዛሬ ልጅ ካለ፣ በላምባ የሚሠራ፣ ተነፍቶ የሚበራ ፋኖስ ነው፤ ሲለኮስ መጀመሪያ ከመስታወቱ ሥር ባለች ትንሽ ጽዋ ላይ እስፕሪት የሚሉት የማይጠጣ አልኮል ፈስሶ ይነዳል፣ እሱ ካጋለው በኋላ ላምባው ይይዛል። እስፕሪቱንም ሰጥተውታል፤ በባዶ የጂን ጠርሙስ ሞልተው። እንግዲህ እቤታችን መደርደሪያ ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቆሙ፤ ሁለቱም እንደ ምንጭ ውሃ የጠሩ። መለያቸው አፋቸው ነበር። ጂኑ የራሱ የቆርቆሮ ክዳን አለው፤ እስፕሪቱ የተወተፈው በበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ቆረቆንዳ ያለበትን ማንም እንዳይነካ ሞገስ ደጋግሞ ይናገራል፤ ዓይን ያጠፋል ይላል።

የሙሉነሽ ክርስትና ዋዜማ የሰፈር ሴቶች መጥተው ቤቱን ጠረጉልኝ፣ ለቀለቁልኝ፣ መደርደሪያውን አውርደው ወለወሉልኝ። የፈረንጅ ጠርሙስ ሲያገኙ ምን ያድርጉ፣ ከፍተው አሸተቱት። አንዷ ከአንዷ እየተቀባበሉ ሲስቁ እኔ ልጄን እያጠባሁ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ እሰማቸዋለሁ። መልሰው ሲገጥሙት ክዳኑ ወዲያ፣ ቆረቆንዳው ወዲህ ሆነ። የማን እጅ እንደሆነ ተጠይቆም አያውቅ፤ ቢጠየቅ ምን ያደርጋል።

በማግስቱ ሰማንያ ቀን የሞላት ልጄ ተጠመቀች። ጠላውም ጠጁም ነበር፤ ሞገስ ግን የፈረንጅ ቤት ሙያውን ለማሳየት ቸኩሏል። ጓዳ ገብቶ ናናውን ጨብ ጨብ ሲያደርግ ይሰማኛል። በረዶ የት ይገኛል፣ በእንስራ ያደረ ቀዝቃዛ ውሃ ነበር የጨመረበት። ጓዳው በወጥ ጭስ ታፍኗል፤ ሲቀዳ ማን ምን ያሸታል። ሁለት ብርጭቆ አቀረበ፣ አንዱን ለልጄ ክርስትና እናት፣ አንዱን ለጎረቤታችን ለአያ ኪሮስ። አያ ኪሮስ ንብ አናቢ ናቸው፤ ከቤታቸው ኽምጣኛ፣ ከእኛ ጋር አማርኛ የሚያወሩ፣ የማያውቁትን ነገር ወደ አፋቸው የማያስጠጉ ሽማግሌ። ሞገስ ሳይቀምስ ሲሰጣቸው ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡት። ወደ እኔ ዞሩና «አንች ልጄ ቅመሽልኝ፤ አንች ከቀመስሽው እጠጣለሁ» አሉ።

ከሁለቱም ብርጭቆ መዳፌ ላይ አድርጌ ቀመስኩ። ጎሮሮዬን አቃጠለኝ። ሎሚው አለ፣ ናናው አለ፤ ጽዱን ፈልጌ አጣሁት። ጓዳ ገብቼ ሞገስን ጽድ ጽድ የሚለው የታለ ብለው ሳቀና ሎሚው በልቶት ነው አለኝ። አመንኩት። እሱ ያውቃል ብዬ ነው፤ ያውቅም ነበር። እሱ ቢቀምሰው ኖሮ ምላሱ ላይ ሳይደርስ ይተፋው ነበር። የጂኑን ጣዕም የሚያውቀው ሰው መቅመስ ነውር ነው ተብሎ ተከልክሏል፣ የምትቀምሰው ሰው ደግሞ ጣዕሙን አታውቅም። ክርስትና እናቷ ከንፈሯን ነክራ ኮመጠጠኝ ብላ ተወችው። አያ ኪሮስ ግን ጠጡት። ወደዱት። ሌላ ሲጨመርላቸው ያንንም ለእኔ እያስቀመሱ ጨረሱት።

እንግዳው ሲበተን ልጄን አጠባኋት። ጀንበሯ ልትጠልቅ ስትል ሞገስ ማሾውን አወረደ። ከባለ ቆረቆንዳው ጠርሙስ ጽዋዋ ላይ አፍስሶ ክብሪት ጫረ፤ እሳቱ ጭስ ብሎ ጠፋ። ደገመው፣ ጠፋ። ውሃ ገብቶበት ይሆን እንዴ አለና ጠርሙሱን ወደ አፍንጫው ወሰደ። ደግሞ አሸተተው። ከዚያ፣ በመደርደሪያው ሥር ባለፍኩ ቁጥር ዛሬም የምሰማውን ነገር ተናገረ።

«ጂን ነው» አለ።

እኔ መጀመሪያ አልገባኝም። ገብቶኝ «ታዲያ እነሱ የጠጡት ምንድን ነው?» ስለው ልጄ ጡቴ ላይ ነበረች። ከጡቴ ላይ ነጠቅኳት። እንደዚያ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊት አላውቅም፤ ከእግሬ ጀምሮ ሽቅብ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ መጣብኝ። ሞገስ ወደ ጤና ጣቢያው ድሬሰር ቤት ሮጠ፣ ቅርብ ነው፤ ሮጦ ተመለሰ። ሰውየው ያለው አጭር ነበር። ነገሩ የሚወጣው ዓይን ላይ ነው፤ ዛሬ አይታወቅም፣ ሲነጋ ነው የሚታወቀው፤ ሕፃኗን እንዳታጠባ። ሞገስ ይህን ነግሮኝ ሰዓት እላፊው ሳይገባ ወደ አያ ኪሮስ ቤት በረረ፤ እዚያው ያዘው፣ አልተመለሰም።

ያን ሌሊት ላሳጥረው። ማሾው አልበራም፣ ከመሬት ላይ አንድ ኩራዝ አለች። ሰው ዓይኑ ይጥፋ አይጥፋ በጨለማ በምን ያውቃል? ነበልባሏን አፍጥጬ አያለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እገልጣለሁ፣ አሁንም አለች። እንደገና እጨፍናለሁ። ጡቴ ሞልቶ ቀሚሴን አርሶታል፤ ልጄ ታለቅሳለች፤ የሞቀ ውሃ በስኳር ጣቴን ነክሬ ሳልሳት ትተፋዋለች። ከዓይኔ ይልቅ የሰጠኋት ወተት ነበር የሚያስጨንቀኝ። ኋላ ዝም አለች። ለቅሶዋ ስንት አስጨንቆኝ ዝምታዋ ባሰ፤ እንቅልፍ ይሁን ያ ነገር ይሁን አላወቅኩም። አፍንጫዋ ላይ ጉንጬን አስጠግቼ ትንፋሿን ስቆጥር ኩራዟ ላምባ ጨርሳ ጠፋች። እንግዲህ በቃ፣ አልኩ፤ የኔ ዓይን ይሁን ኩራዟ ትሁን የጠፋችው አላውቅም።

ዶሮ ሲጮህ ተነሥቼ በሩን ከፈትኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ የአጥሩ ጫፍ ወጣ፤ ከአጥሩ ወዲያ የቤተ ክርስቲያኑ ጽዶች ጥቁር ጥቁር ብለው ታዩኝ። አንድ በአንድ እስኪለዩ ድረስ አየኋቸው። ከዚያ ልጄን ወደ ብርሃኑ አወጣኋትና ዓይኗን እስክትገልጥ ጠበቅኩ። ጣቴን ከፊቷ ወዲህ ወዲያ አደረግኩት። ጥቁር ዓይኗ ጣቴን ተከተለው። ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሞገስ ፀሐይ ስትወጣ መጣ። ሲገባ አላየኝም፤ ግድግዳ ግድግዳውን ነበር የሚያየው። ሌሊቱን አያ ኪሮስ ደህና እንደነበሩ፣ ራሴን ብቻ ከማለት በቀር ምንም እንዳላሉ ነገረኝ። ጠዋት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ፀሐይዋ እመደባቸው ላይ እያለች ተነሥተው ተቀመጡና ሚስታቸውን ጠሯት።

«ምነው፣ ዛሬ አይነጋም እንዴ?» አሉ።

ጨርሰው አልጨለመባቸውም፤ ጥላ ጥላ ይለዩ ነበር። ሰውን በድምፁ፣ ንቦቻቸውን በዜማቸው እየለዩ ብዙ ዓመት ኖሩ። እኔ ግን ደፍሬ ቤታቸው ሄጄ ልጠይቃቸው አልቻልኩም። በመንገድ ሳያቸው ሌላ መንገድ እገባለሁ። አንድ ቀን ገበያ ላይ አረማመዴን ለይተው በስሜ ጠሩኝ። ቀርቤ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። «ለምን ትሸሽኛለሽ ልጄ?» አሉኝ። «አንች እኮ ቀምሰሽ ነው የሰጠሽኝ። ሳትቀምሽ ሰጥተሽኝ ቢሆን ነበር የምቀየምሽ።» ከዚያ የልጅቷን ጤና ጠየቁኝ፤ ዓይኗ ደህና ነው ስላቸው ደጋግመው ተመስገን አሉ።

ሞገስ ያንን ማሾ ዳግመኛ አልለኮሰም፤ ኩራዟን እንኳ የምለኩሰው እኔ ነበርኩ። እስኪሞት ድረስም ለማንም ምንም ነገር ሳይቀምስ አልሰጠም፤ ውሃ እንኳን። ናናውን ሊነቅለው ተነሥቶ ነበር፣ እኔ ነኝ የከለከልኩት፤ ናና ምን አደረገ? ግን አንዲት ቅጠል ቆርጬበት አላውቅም። እኔ ላይ የቀረው ነገር ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ደህና አደርሽ ከማለቴ በፊት፣ ልጄን «ምን ይታይሻል?» እላታለሁ። ሕፃን ሳለች ድመት ይታየኛል፣ ደመና ይታየኛል ትለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ስትገባ ጓደኞቿ ሳቁባት። ቤሩት ሆና ስትደውል መጀመሪያ የምጠይቃት ይህንኑ ነበር፤ «ባሕር» ትለኛለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ድምፅዋ ወርዶ «ግድግዳ» ትለኛለች። ያን ጊዜ ለምን ግድግዳ ብቻ እንደሚታያት ለመጠየቅ እፈራ ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ሰሞን ያ ብርጭቆ ተዘርግቶልኝ ይህ ሁሉ በላዬ ላይ ሲያልፍ ልጄ እጇ ዛለባት። ተቀበልኳትና አሸተትኩት። ጽድ ጽድ ይላል። በዕድሜዬ ጂንን በትክክል ሳሸት ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሞገስ እውነቱን ነበር፣ ዝናብ ያባራበት የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ልቤ ግን አልተመለሰም። ማሸጊያ የሌለው ጠርሙስ ውስጥ ጽዱም፣ ሌላውም አብሮ ሊኖር ይችላል። ድፊው አልኳት። እማ ስንት ብር ነው አለችኝ። እንግዲያውስ ተዪው፣ ቆዪ፣ አልኩና መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። ደግሜ ቀመስኩ።

«እማ፣ ብትቀምሺውስ በምን ታውቂዋለሽ?» አለችኝ። አሁን አልሳቀችም።

«አላውቀውም» አልኳት። «አብሬሽ ልሁን ብዬ ነው።»

ብርጭቆውን መለስኩላት። ትንሽ አየችኝና ከመጠጣቷ በፊት እሷም መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፤ ከዚያ ጠጣችው። ጽዶቹ ላይ ፀሐይ እስክትገባ ተቀምጠን ስለ ቤሩት አወራችኝ፤ ስለ ግድግዳውም ሳልጠይቃት ነገረችኝ። እኔ እያዳመጥኳት ጽዶቹን እቆጥር ነበር።

ጠዋት ዓይኔን ገልጬ መጀመሪያ ያየሁት የጣራውን ቆርቆሮ ነው። ተመስገን። ከዚያ ወደ እሷ ክፍል ጆሮዬን ጣልኩ፤ ምንም የለም። ጠራኋት፤ መልስ የለም። አልጋዋ ጋ ስደርስ ባዶ ነው። ነጠላዬን ሳላነሣ በባዶ እግሬ ወደ ደጅ እየወጣሁ «ሙሉዬ! ምን ይታይሻል?» ብዬ ጮኽኩ።

«የጎረቤት ፍየል ይታየኛል» አለች ከቧንቧው ወገን፣ ጥርስ መፋቂያዋን ከአፏ ሳታወጣ። «ናናሽን እየጨረሰችልሽ ነው።»

ፍየሏን አላባረርኳትም።